መሬት ያልገደለችው ሰው

ፓክ ባሕሩል ሥራ ክፍሉ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ አይታይም፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚሆን፣ ከደንዳና እንጨት የተሠራ የመጽሐፍ ቁምሳጥን ተጭኖታል። የሚታዩት ባዶ እግሮቹ ብቻ ነበሩ።

በታንጁንግ ኬላት መንደር ያን ሐሙስ መሬት የተንቀጠቀጠችው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን የሟቹ የእህት ልጅ ኤርዋንዲ ከባሕር ዳር ተመልሶ አስከሬኑን አገኘና ጮኸ። ኢንስፔክተር ሐርኔሊ ከፓሪያማን ከተማ ሞተር ሳይክሏን አስነሥታ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሚያለቅስ ግን ከኤርዋንዲ በቀር አንድም ሰው አላየችም።

የመንደሩ ሹም ዳቱክ ማራጆ በር ላይ ተቀበሏት።

«በከንቱ ደከምሽ ልጄ» አሏት። «ገዳይዋ መሬት ናት፤ እሷን ደግሞ ካቴና አታስገቢያትም። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እንቀብረዋለን።»

«እስከ ዙሁር ስንት ሰዓት አለኝ ዳቱክ?»

«አራት ሰዓት ግድም። ምን ያደርግልሻል?»

«ይበቃኛል።»

ሐርኔሊ ሟቹን ታውቀዋለች። የማያውቀው አልነበረም። መንደሩ በአክብሮት «ፓክ» ሲል የሚጠራው ባሕሩል ለሃያ ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥ ሲተነብይ የኖረ ሰው ነው። «በአሥር ቀን ውስጥ ትነቃነቃለች» ይላል፤ አሥሩ ቀን ሳይሞላ ትነቃነቃለች። ሰው ሠርጉን፣ ቤት ምረቃውን እሱን ሳይጠይቅ አይቆርጥም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁ መንቀጥቀጥ ሲመጣ መንደሩ በሙሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ በሸራ ሥር አራት ቀን ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን ኤርዋንዲ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ፓክ ባሕሩል መንቀጥቀጡ አልቋል ብሏል፣ ውረዱ» ብሎ ለፈፈ። ወረዱ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ተከታዩ መንቀጥቀጥ መጣና ተሰንጥቀው የቆሙትን ግድግዳዎች ደረመሳቸው። ሃያ ሦስት ሰው ሞተ። ያን ቀን ሐርኔሊ በእጇ ፍርስራሽ ትቆፍር ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ አቅፋ እንደወጣች፣ ልጁም ገና ሞቃት እንደነበር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

ወደ ክፍሉ ገባች። አራት ጎረምሶች ቁምሳጥኑን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

«ቆይ! ማንም እንዳይነካው።»

ተንበርክካ በወደቀው ቁምሳጥን ጀርባ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስታሳልፍ ግን ጣቷ ነጭ ሆነ። ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ልስኑ ከትልቁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ የተሰነጣጠቀ ነው፤ በተነቃነቀ ቁጥር እንደ ዱቄት ይነሰነሳል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደች። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ጋር ያሠሩት የነበሩ የአራት ብሎኖች ቀዳዳዎች አሉ። አልተቦደሱም፣ አልተሰነጠቁም። በአንደኛው ውስጥ ሸረሪት ድር ሠርታበታለች።

«አሁን አንሡት፤ ቀስ ብላችሁ።»

ሲነሣ ከሥሩ ያለው ወለልም ነጭ ሆኖ ታየ። የሟቹ የራስ ቅል ከኋላ ተሰብሯል። በቀኝ እጁ የተሰበረ የሻይ ብርጭቆ ስባሪ ይዟል። በውስጥ እግሮቹ ላይ እርጥብ አሸዋ ተጣብቋል። ደረቱ ሥር አንድ ደብተር ተዘርግቶ ተጨፍልቋል። ሐርኔሊ የመጨረሻውን መስመር አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ደብተሩን ላስቲክ ውስጥ አስገብታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከመውጣቷ በፊት መኝታ ቤቱን ገልጣ አየች። የሟቹ መነጽር ትራሱ አጠገብ በሥርዓት ተቀምጧል።

ኤርዋንዲ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ዓሣ አጥማጅ ነው።

«መሬት ስትንቀጠቀጥ የት ነበርክ?»

«ጀልባዬን እያሰርኩ። ሦስት ሰው አብሮኝ ነበር፣ ጠይቂያቸው። ማዕበል እንዳይመጣ ፈርተን ውኃውን ስናይ ቆየን።»

«ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ጋር ያሠረው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አራት ትልልቅ ብሎን። በገዛ ካቻቢቴዬ ነው ያጠበቅኋቸው።» ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። «እኔ ነበርኩ መሞት የነበረብኝ፣ ኡኒ፣ እህቴ። እኔ ነበርኩ።»

«ቤታችሁ ማን ይገባል?»

«ማን ይገባል? ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ደጃችንን ረገጠ? መምህርቷ ቡ ራሱና ብቻ። ለአጎቴ የምትጽፍለት እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች እኔ። መጻሕፍቱንም የምትደረድረው እሷው ናት። ባሏንና የልጅ ልጇን ያን ቀን አጥታ፣ ይቅር ብላ የመጣች ብቸኛ ሰው።»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቲቱ ሮስማኒያር የቁርስ መሸጫዋን ከፍታ በኮኮናት መረቅ የሚበላ የሩዝ ቂጣ ትቆርጣለች። ወንድሟ ያን ቀን ሞቶባታል፤ ባሕሩልን በየጠዋቱ ባየችው ቁጥር ምራቋን እንደምትተፋ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ደስ ብሎሻል አሉ» አለቻት ሐርኔሊ።

«ማን ነው ያለው? ራሴ ነኝ ያልኩት! ዛሬ ለመጣ ሁሉ አንድ አንድ እንቁላል በነጻ እጨምራለሁ። ብይ፣ ላንቺም።»

«ሲንቀጠቀጥ አይተሽዋል?»

«የት ልየው? ልጆቼን ይዤ እየሮጥኩ።»

«እግሩ ላይ የግቢው እርጥብ አሸዋ አለ ሮስ። ዝናቡ ያባራው ጎሕ ሲቀድ ነው። ባዶ እግሩን ሮጦ ወጥቷል።»

የሮስማኒያር ቢላ ቆመ። ግራና ቀኝ አየች።

«ወጥቷል» አለች በመጨረሻ። «እዚያ ጉድጓዱ አጠገብ በሽርጥ ብቻ ቆሞ ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። ታዲያ ለምን ልናገር? አንቺስ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር? ለሁለት ዓመት መሬት ትውሰደው ብዬ ስጸልይ ኖሬ፣ ወሰደችው ሲሉኝ 'የለም፣ ስህተት ነው' ልበል?»

«ማን ጠርቶት ተመለሰ?»

«አላየሁም። በልጆቼ እምላለሁ፣ ይህን አላየሁም። ዞር ብዬ ሳይ የለም። ገርሞኛል እንጂ። እኛ እንኳ ተከታይ ይመጣል ብለን ግማሽ ሰዓት ውጭ ነው የቆምነው።»

ሐርኔሊ ሞተር ሳይክሏን አስነሥታ ኮረብታው ላይ ወዳለችው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ወጣች። የጣቢያው ሠራተኛ ዙልፋድሊ ባሕሩልን በሬዲዮ ላይ ሁለት ጊዜ ተከራክሮ ያሳፈረ ሰው ነው። ሌሊቱን ተረኛ ስለነበረ ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጣቢያውም አለመውጣቱን የፈረመበት መዝገብ ይመሰክርለታል።

«ይኸውልሽ» አለ የመሣሪያውን ወረቀት ዘርግቶ። «አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። መካከለኛ ነው።»

«ቁምሳጥን ይጥላል?»

«ብርጭቆ ይጥላል። ቁምሳጥን ከባዱ ነገር ከታች ከሆነ አይወድቅም። ክብደቱ እላይ ከሆነና ካልታሠረ ግን፣ እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ነቅንቆት ቢተወው እንኳ፣ ሰው በአንድ እጁ ይጥለዋል።»

«እንዲህ ዓይነቱ በምን ያህል ጊዜ ይመጣል?»

ዙልፋድሊ ሳቀ። «መርፌው በየቀኑ ይጭራል። ሰው የሚሰማው በእኛ መዝገብ በወር ሁለቴ ሦስቴ ነው፣ አንዳንዴም ይበልጣል። በዓለም ላይ መሬት አብዝታ የምትንቀጠቀጠው ፓሲፊክን እንደ ቀለበት በከበበው መስመርና በዚህ በእኛ ዳርቻ ነው። ባሕሩ ሥር ያለው ወለል በየዓመቱ ጥቂት ጣት እየገፋ ከእግራችን ሥር ይገባል፤ ሲያዝ ይወጠራል፣ ሲለቅ ይነቀንቀናል። እዚህ ቁጭ ብሎ 'በአሥር ቀን ውስጥ' የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ልክ ይሆናል። ድመቴም ብትል ልክ ትሆናለች! የትኛው ቀን፣ በምን ያህል ኃይል የሚለውን ግን እኔም አላውቅም፣ ባሕሩልም አያውቅም ነበር።» ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። «ይገርማል። ይህን ጥያቄ ስትጠይቂኝ ሁለተኛዋ ነሽ።»

«የመጀመሪያው ማን ነበር?»

ነገራት። ሐርኔሊ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ልቧ አስቀድሞ ጠርጥሮ ነበር፤ ሆኖም ሌላ ስም ብትሰማ ደስ ባላት።

ስትመለስ ሴቶቹ ከፈኑን እየቆረጡ ነበር። መቀሱን የያዘችው ቡ ራሱና ናት፤ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ እስክትወጣ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ሒሳብ ያስተማረች፣ ሐርኔሊንም ጭምር።

«ቡ መምህር፣ ጥቂት ጥያቄ አለኝ።»

«ጠይቂ። ስትጠይቂ ግን ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤ ትከሻሽን መቼም አላቀናሽው።»

«ሲንቀጠቀጥ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ሮጬ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆምኩ። ኤርዋንዲ ሲጮኽ ነው የመጣሁት።»

«በደብተሩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉለት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ያሉኝን በወረቀት ላይ ያስፍሩልኝ። የት እንደነበሩ፣ ሰዓቱንም ጭምር።»

ራሱና በመምህርነቷ ዘመን እንደምታደርገው በጥንቃቄ ጻፈች። ሐርኔሊ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ልትሄድ ስትል አሮጊቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራቻት።

«ሐርኔሊ። የልጅ ልጄን ራፍኪን ከዚያ ፍርስራሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል።»

«አዎ ቡ።»

«ተሠቃይቶ ነበር?»

«አላውቅም፣ ቡ» አለች ሐርኔሊ። ውሸት ነበር።

ከዙሁር አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀናዛው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ግቢው መሐል ተቀመጠ። ሐርኔሊ ዳቱኩን፣ ኤርዋንዲን፣ ሮስማኒያርን፣ ራሱናንና ከኮረብታው የወረደውን ዙልፋድሊን በአንድ በኩል አስቀመጠቻቸው። ሌላው ሰው አጥሩን ይዞ ቆመ።

«ፓክ ባሕሩልን መሬት አልገደለችውም» አለች።

ዳቱክ ማራጆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ በጀናዛ ፊት...»

«በጀናዛው ፊት ነው መባል ያለበት ዳቱክ። መሬት ስትንቀጠቀጥ ከዚያ ኮርኒስ ነጭ አቧራ ይረግፋል። ቁምሳጥኑ የወደቀው በመንቀጥቀጡ ቢሆን ኖሮ አቧራው የሚያርፈው በጀርባው ላይ ነበር። ጀርባው ንጹሕ ነው። አቧራው የተገኘው ከሥሩ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ መሬት ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥሎ አቧራው ረገፈ፣ ቁምሳጥኑ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።»

ከአጥሩ በኩል ጉምጉምታ ተሰማ።

«ሟቹ ሮጦ ወጥቶ ነበር፤ እግሩ ይናገራል። ይህን ያየ ብዙ ሰው አለ፤ አልናገርም ብሎ ነው።» ሮስማኒያር አንገቷን ደፋች። «ከዚያ ተመልሶ ገባ። በመንቀጥቀጡ የወደቀውን ብርጭቆ ሊለቅም ቁምሳጥኑ ፊት ጎንበስ አለ። ያኔ ተገፋበት።»

«እንዲህ የሚከብደውን ነገር ማን ይገፋል?» አሉ ዳቱኩ።

«ማንም ይገፋዋል፤ ተዘጋጅቶ ነበርና። ብሎኖቹ ዛሬ አልወለቁም፤ በቀዳዳው ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። ከወደቁት መጻሕፍት ደግሞ ከባዶቹ ሁሉ ከላይኛው መደርደሪያ ነው የወረዱት፤ ታችኛው ላይ የነበረው አሮጌ ጋዜጣ ብቻ ነው። ገዳዩ ይህን ሁሉ ከሳምንታት በፊት አሰናድቶ ጠበቀ። ሌላ አገር ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቅ ነበር። እዚህ ግን መሬት አታስጠብቅም፤ አስቀድሞ መቁጠር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

ኤርዋንዲ ብድግ አለ። «እኔን ነው የምትይው? ቤቱን እወርሳለሁ ብለው ከጠዋት ጀምሮ ሲያንሾካሹኩብኝ ሰምቻለሁ!»

«አንተ ጀልባህ ጋ ነበርክ፤ ሦስቱንም ጠይቄአቸዋለሁ። ቁጭ በል።» ሐርኔሊ ከቦርሳዋ የተጨፈለቀውን ደብተር አወጣች። «ይህ ከሟቹ ደረት ሥር ነው የተገኘው። የመጨረሻው መስመር 'ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት፣ ካለፈው የጠነከረ' ይላል። ገደለው የተባለው መንቀጥቀጥ ከሬሳው ሥር ተጽፎ ተገኘ። ሟቹ ደግሞ ያለ መነጽር የራሱን ስም እንኳ አያነብም፤ መነጽሩ ትራሱ ጋ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ጽፎለታል። በዚህ ደብተር ላይ የሁለት ሰው እጅ ብቻ አለ። አንደኛው ሰባት ቁጥርን ዝም ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ወገቡ ላይ አጭር ጭረት ያደርግበታል፤ የዛሬውም ሰባት ጭረት አለው።»

ከኪሷ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ከደብተሩ ጎን ዘረጋችው።

«ሰባትን እንዲህ መጻፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ቡ ራሱና። 'ከአንድ ጋር እንዳይምታታ' ይሉን ነበር። በወር ስንቴ እንደሚንቀጠቀጥ ዙልፋድሊን የጠየቁትም እርስዎ ነዎት።»

ዙልፋድሊ መሬት መሬት አየ። ራሱና አልደነገጠችም፤ ነጠላ ጫማዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ደብተሩ ከእጄ አምልጦ ነው» አለች። «ጎትቼ ላወጣው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጥሩ ነው የሠራሽው። ደረጃ በደረጃ።»

«ቡ!» አለ ኤርዋንዲ። «አንቺ? ይቅር ብለሽን?»

«ይቅር ልል ነበር የመጣሁት። ዕውቀት ኖሮት ተሳስቶ ከሆነ እምረዋለሁ ብዬ። የሃያ ዓመት ደብተሩን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ ከጣቢያው መዝገብ ጋር አስተያየሁ። ምንም አያውቅም ነበር! ዓይኑን ጨፍኖ ከሚገምት ሰው አይሻልም። ባሌና ራፍኪ የሞቱት በአንድ ገማች ሰው አፍ ነው። 'ለምን ውረዱ አልክ?' ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ 'በእኔ ይሁን ቡ፣ በእኔ ይሁን' አለኝ። ይሁን አልኩ። ብሎኖቹን በዚያው ሳምንት ፈታሁ። ሲንቀጠቀጥ እመጣለሁ፤ የሚያየኝ ሰው ካለ እተወዋለሁ፣ ከሌለ ግን... ሁለቴ ተመልሻለሁ። ሦስተኛው ዛሬ ነበር። 'ና፣ ሰዓቱን እንጻፍ' አልኩት፤ እንደ በግ ተከተለኝ። አልጸጸትም። ጻፊው፣ አልጸጸትም።»

ከአጥሩ በኩል አንዲት ሴት «እሰይ!» አለች። ሌላ ድምፅ ተቀበላት። ሐርኔሊ ዞር ስትል ሁሉም ዓይኑን ሰበረ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ግን ሐዘን አልነበረም።

ያኔ ኤርዋንዲ በጉልበቱ ወደቀ።

«እሱ አላለም» አለ።

«ምን?» አለች ራሱና።

«'ውረዱ' አላለም። ትኩሳት ይዞት ሸራው ሥር ተኝቶ ነበር። 'ምን ልበላቸው?' ስለው 'አላውቅም፤ እዚሁ ይቆዩ' አለኝ። ወጣሁ። ዝናብ ይወርዳል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሩዙ አልቋል፣ ሁላችሁም አፌን ታያላችሁ። 'አላውቅም' ማለት አቃተኝ። ደስ እንዲላችሁ ብዬ... እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያ በኋላ ልናገር ስል አፌን በእጁ ያዘኝ። 'አንተ ወጣት ነህ፣ ይገድሉሃል፤ በእኔ ይሁን' አለኝ።»

ሮስማኒያር እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንተፋበት ዝም አለ?»

«የእህቱ ልጅ ነዋ» አሉ ዳቱኩ። በዚያ አገር ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ የእናት ወንድም ለእህቱ ልጅ የቆመ አጥር ነው።

ራሱና ወደ ቃሬዛው ሄደች። ከሁለት ሰዓት በፊት በገዛ እጇ የቆረጠችውን ነጭ ጨርቅ አየች፤ እጇን ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች ግን ማንም አልሰማም። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና በጉልበቱ የወደቀውን ሰው ቁልቁል ተመለከተችው። ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ሐርኔሊ ያንን ዓይን አየችና ሳታስበው በሁለቱ መካከል ገብታ ቆመች።

አሮጊቷ ሁለት እጆቿን አጣምራ ወደ ሐርኔሊ ዘረጋች።

«ቶሎ ውሰጂኝ ልጄ» አለቻት፣ ዓይኗን ከኤርዋንዲ ሳትነቅል። «እዚህ ከቆየሁ ሌላ ቀን መጠበቅ እጀምራለሁ።»